ቀድሞ የሚነሳው

«ጄቱ ይሻላል» አለ ካሊድ ለሦስተኛ ጊዜ። ይህን ሲል ግን የሚያየው ሚስቱን ሳይሆን የትኬት መስኮቱን ነበር።

ሀቢባ እሱን አልፋ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ታናሽ ወንድሟ ሀይደር ጠዋት ከድሬዳዋ ደውሎ እማን ትንሽ አሟታል፣ ብትመጪ ጥሩ ነው ካላት ጀምሮ አንድ ቦታ መቆም አቅቷታል። ካሊድ ቆይ እስቲ፣ የሰፈር ሽማግሌዎች ቁም ነገር አለን ብለው እየመጡ ነው፣ ቡና እንኳን ሳይጠጡ ጥለሽ ትወጫለሽ ወይ እያለ ቢለምናት አልሰማችውም። ሁለት ቀሚስ በፌስታል ጠቅልላ፣ ከጎሮ ቦሌ ድረስ ባለ ታክሲውን ስትነዘንዝ መጣች። ባሏም ምን ያድርግ፣ ተከተላት።

መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሄኒ የምትባል ልጅ ያለውን ነገረቻቸው። ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን አሁን ሊነሳ ነው፤ የቀረው ግን አንድ ወንበር ብቻ ነው። ጄቱ የሚነሳው አምስት ሰዓት ላይ ሲሆን ለሁለቱም ቦታ አለው።

«እሱ እኮ የድሮ ነው» አለ ካሊድ በመስታወቱ ወደሚታየው አውሮፕላን እያመለከተ። «እንደ ወፍጮ ሲያጓራ ይውላል። ጄቱ ግን አንዴ ከተነሳ ማን ይይዘዋል?»

መቼም ሰው ሲዋሽ ሒሳብ ይጠፋዋል። መርካቶ የመኪና መለዋወጫ ሲሸጥ የኖረ ነጋዴ፣ ዛሬ ኋላ የሚነሳው ቀድሞ ይደርሳል ብሎ ይከራከራል! ሄኒ ፈገግ አለች። ጄቱ በሰዓት ከስምንት መቶ ኪሎሜትር በላይ እንደሚበር፣ ባለ ፕሮፔለሩ ደግሞ ከስድስት መቶ ብዙም እንደማይርቅ አስረዳች። ወደ ውጭ አገር ቢሆን ልዩነቱ ሰዓታት ይሆናል፤ ድሬዳዋ ግን ቅርብ ነው፣ አንዱ ሌላውን ቢበልጠው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው አለች።

ሀቢባ ወደ ባሏ ዞረች። እማ ታማ የምንቸኩል ከሆነ አሁን በሚነሳው ልሂድ፤ የማያስቸኩል ከሆነ ደግሞ የጄቱ ፍጥነት ምን ያደርግልናል ብላ ጠየቀችው።

ካሊድ ግንባሩን በመዳፉ ጠረገ። «ሀቢ፣ አትጨነቂ። እነ ሀይደር እስከ ዙሁር...»

ቀሪውን ዋጠው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ከአፉ አምልጧል።

እስከ ዙሁር የሚቆየው ምንድን ነው? ሕመምተኛ የቀትር ሶላት አይጠበቅለትም። ከሶላት በኋላ የሚሸኘው ጀናዛ፣ የሟች አስከሬን ነው። ሽማግሌዎቹ ለምን እንደሚመጡ አሁን ገባት። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ከጎን ተቀምጦ ነው የሚነገረው። ባሏም በጄቱ ያመካኘው ቤት መልሶ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት አስቀምጦ፣ አልቅሳ ሲወጣላት አብሯት ሊሄድ ነበር።

«ኢናሊላሂ» አለች ዝግ ባለ ድምፅ። የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች።

ባለፈው አረፋ እናቷ እጇን ይዛ፣ የሞትኩ ዕለት የባዕድ እጅ እንዳይነካኝ፣ አንቺ ነሽ የምታጥቢኝ ብላት ነበር። ሀቢባ ያኔ ተቆጥታ፣ በዓል ሲሆን ሞት አይነሳም ብላ ወሬ አስለወጠቻት፤ እሺ እንኳን አላለቻትም። ያ ያልተባለ እሺ አሁን ዕዳ ሆኖባታል። አምስት ሰዓት ላይ ተነስታ ብትደርስ እናቷን የምታገኛት ታጥባ፣ ተከፍና ነው። ከዚያ ወንዶቹ ተሸክመዋት ይሄዳሉ፤ ሴት ልጅ መቃብር ድረስ አትከተልም።

«የአሁኑን ስጪኝ» አለቻት ለሄኒ።

ካሊድ ክንዷን ያዘ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ብቻሽን? መንገድ ላይ ብትወድቂ ማን ይይዝሻል?»

«አልወድቅም። ለቅሶው አያመልጠኝም፣ ዕድሜ ልኬን አለቅሳለሁ። ማጠቡ ነው የሚያመልጠኝ።»

ክንዷን ለቀቃት። አንተ በጄቱ ተከተለኝ አለችው፤ ጥርሷን ነክሳ፣ ዞር ብላም ሳታየው ወደ ፍተሻው ገባች።

የደረሳት ወንበር ከክንፉ ሥር ነበር። በሩ ሳይዘጋ ለሀይደር ደወለች። ከኋላው የሰው ድምፅ ይሰማል፤ እሱ የክፍሉን በር ዘግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እማ... ትንሽ ተሽሏታል፣ አሁን ተኝታ...»

«ሀይደር» አለችው፣ «ውሃውን አሙቁ። እኔ ሳልደርስ ማንም እንዳይነካት።»

 ከንጋት ጀምሮ ለእሷ ሲል ድምፁን ሲያስተካክል የቆየው ወንድሟ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። አይዞህ አላለችውም። አስተናጋጇ መጥታ ስልኩን እንድትዘጋ በእጇ ምልክት እስክትሰጣት ድረስ ለቅሶውን ሰማችው።

ዘጋችው። ውጭ ፕሮፔለሩ አንዴ ዞር አለ፣ ደገመ፣ ከዚያም ሽክርክሪቱ በዓይን የማይያዝ ሆነ። ሀቢባ የቀሚሷን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰበሰበች።