የኢያቄም ሳቅ

ኢያቄም ድንገት እየተዝለፈለፈ መውደቅ ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ፀበሉም የሚጥል በሽታ ክኒኑም አልረዱትም። የዛሬው ዶክተር ግን ታናሽ እህቱን ሚካልን፣ «እስቲ አስቂው» አላት።

ለዚህማ ማን ይቅደማት። «መርፌ ፈርተህ አልጋ ስር ስትገባ ነርሷ በመጥረጊያ አይደል እንዴ ያወጣችህ?» አለችው።

ኢያቄም ሳቀ፤ ወዲያው ጉልበቱ ከዳው። ዶክተሩ ደግፎ አስቀመጠው።

«ሁሉንም ይሰማል። የሚጥል በሽታ ሳይሆን ብዙ የማያጋጥም የአንጎል ሕመም ነው፤ ሲስቅ ሰውነቱ ይዝላል። መድኃኒቱ ያቀልለታል እንጂ አያድነውም።»

ሚካል የወደቀባቸውን ቀኖች አሰበች። ሁሌም አጠገቡ ሆና ስታስቀው የነበረችው እሷ ናት።

ጀሞ ደርሰው የቤታቸውን ደረጃ መውጣት ሲጀምሩ በክርኑ ጎሸም አደረጋት። «ምነው፣ ዶክተሩ ያከመው እኔን ነው ወይስ ምላስሽን?»

መልሱ አፏ ላይ ነበር። ቤታቸው ግን አራተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃው ደግሞ ሲሚንቶ። ዋጠችው።