ለአቦ የተሳለ ቦርሳ

ሃዊ ቦርሳውን ከወይዘሮ ብዙወርቅ ጭን ላይ አነሳችው። አገላብጣ አየችው፣ ዚፑን ሳበችው፣ ከፍታ ውስጡን አሸተተችው። ከዚያ ድምጿን ሳትቀንስ፣

"እትዬ ብዙወርቅ፣ ይሄ ግን ኦርጅናል ነው?" አለች።

በሳሪስ አቦ ቅጥር ግቢ፣ ከጽዱ ሥር ባለው አግዳሚ ላይ የተቀመጡት የእድር ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ። አንዷ ነጠላዋን አስተካከለች። ሌላዋ ቀሚሷ ላይ የሌለ አቧራ አራገፈች። የመጋቢት አቦ ነው፤ ታቦቱ ገብቶ፣ ሰው የተሳለውን እያመጣ በጨረታ የሚሸጥበት ሰዓት ላይ ነበሩ። ከድምፅ ማጉያው አንድ ምንጣፍ ሲጫረት ይሰማል።

ወይዘሮ ብዙወርቅ ቀስ ብለው እጃቸውን ዘረጉና ቦርሳውን መልሰው ወሰዱ።

"ልጄ የላከችልኝ ነው" አሉ።

"እሱንማ አውቃለሁ፣ ነፍሷን ይማር። እኔ ያልኩት..."

"ማዳሟ ናት የሰጠቻት። የራሷን ቦርሳ።"

ሃዊ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ከወይዘሮዋ አጠገብ የቆመችውን የእምነትን ዓይን ስታይ ግን መልሳ ዘጋችው።

እምነት የወይዘሮ ብዙወርቅ ታናሽ ልጅ ናት። ቂሊንጦ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ዛሬ ፈረቃዋን ከጓደኛዋ ጋር ተቀያይራ እናቷን ይዛ መጥታለች። ይህን ጥያቄ ቦርሳው ከቤሩት ከመጣበት ቀን ጀምሮ ስትፈራው ኖራለች።

በሰፈራቸው አዲስ ነገር የያዘ ሰው ሲታይ የሚባለው የታወቀ ነው፤ "በላይሽ ይለቅ" ተብሎ ይመረቃል። ከየት መጣ፣ እውነተኛ ነው ወይ አይባልም። ወይዘሮ ብዙወርቅ ቦርሳውን አንጠልጥለው እድርም ልቅሶም ሲሄዱ ያወቀም ያላወቀም መርቆ ዝም ብሏል። እሳቸውም ቢሆኑ እንጀራቸው በዚሁ ሥርዓት ላይ የቆመ ነው። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር አጠገብ ትንሽ የቆርቆሮ ሱቅ አለቻቸው። እስረኛ ጠያቂዎች ይዘው መግባት የማይችሉትን ስልክና ቦርሳ ለእሳቸው አስረክበው ይገባሉ፤ ሲወጡ ከፍለው ይወስዳሉ። ያ ሁሉ ቦርሳ በእጃቸው ሲያልፍ አንድም ቀን ዚፕ ከፍተው አያውቁም። "የሰው ቦርሳ የሰው ሆድ ነው" ይላሉ።

የራሳቸውን ግን ላየውም ላላየውም ያሳዩ ነበር። ጥቁር ነው፤ ሁለት ፊደል የተጠላለፈበት ወርቃማ ዘለበት አለው። ታላቋ ልጃቸው ልዕልት፣ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራ የነበረችው፣ ወደ አገር ቤት በምትመለስ ልጅ እጅ ስትልክላቸው በስልክ፣ "እማዬ፣ ማዳሜ ናት የሰጠችኝ። እንደ ልጇ ነው የምታየኝ" ብላቸዋለች። ከዚያን ቀን ወዲህ ወይዘሮ ብዙወርቅ እንቅልፍ ይወስዳቸው ጀመር። በሰው አገር ያለች ልጃቸው የሚወዳት ሰው አላት፤ ቦርሳው የዚህ ምስክር ነው።

ልዕልት ለእምነት የነገረቻት ግን ሌላ ነበር።

"እንዳትስቂብኝ፣ እሁድ ወጥቼ መንገድ ላይ የገዛሁት ነው" ብላ ራሷ ሳቀች። "ማዳም ቦርሳዋን ልትሰጠኝ! በምትጠጣበት ብርጭቆ እንኳ አታስጠጣኝም። ለእማዬ ግን እንደዚያ አልኳት። አንቺም እንደዚያው በያት፤ ደስ ይበላት።"

እምነትም እንደዚያው አለች።

ልዕልት ባለፈው ዓመት ሞተች። ታማ ነው ተባለ፤ ከዚያ በላይ የነገራቸው ሰው የለም። ሬሳው ቶሎ አልመጣም። ወይዘሮ ብዙወርቅ ሱቃቸውን ዘግተው፣ አቦ ደጅ ወድቀው፣ "አካሏን ብቻ አምጣልኝ፤ ካለኝ ሁሉ የምወደውን እሰጥሃለሁ" ብለው ተሳሉ። ሳጥኑ መጣ። ተዘግቶ መጣ፣ ተዘግቶም ተቀበረ። በልቅሶው ቀን ፎቶዋን ለእምነት አስይዘው፣ እሳቸው ቦርሳውን ደረታቸው ላይ አጥብቀው "የሰው እናት የወደደችሽ፣ የሰው እናት የሸለመችሽ" እያሉ ሲያለቅሱ ድንኳኑ ሁሉ አብሮ አነባ። እምነትም አነባች። እሷ ግን የምታለቅሰው ለብቻዋ መሰላት።

አሁን ሃዊን ክንዷን ይዛ ወደ ግቢው የውኃ ቧንቧ ወሰደቻት። ሃዊም ቤሩት ሠርታ የተመለሰች ናት፤ ሳሪስ ገበያ ቦርሳና ጫማ ትሸጣለች።

"ምን ነካሽ? በሰው ፊት!"

"ክፉ አስቤ መሰለሽ? ስሸጥ ስለምውል፣ ቦርሳ ሳይ እጄም አፌም አያርፉም።"

"እሱ ሱቅሽ ውስጥ ነው። እናቴ ጭን ላይ ምን አመጣሽ?"

"ቆይ እስቲ፣ እምነት። አሁን ወጥቶ ሊጫረት ነው አይደል? አጫራቹ ኦርጅናል እያለ ሲያስጮኸው አንዷ ዓይኗ የነቃ ብትስቅስ? እዚህ ግቢ ውስጥ ዓረብ አገር ያልደረሰ ማን አለ? ያኔ ደግሞ የሚሰማው በማይክ ነው።"

"ማዳሟ የሰጠቻት ነው" አለች እምነት። ከልማድ ብዛት ሳታስበው ነው ከአፏ የወጣው።

ሃዊ ትክ ብላ አየቻት።

"እኔም እንደሱ እል ነበር" አለች በዝግታ። "ለእናቴ ሽቶ ስልክላት፣ 'ማዳም ለልደቴ ሰጠችኝ' አልኳት። ማዳም ልደቴን ከየት አምጥታ? ስሜን እንኳ ለአፏ ስላልተመቻት ቀይራዋለች። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው የኔ ቆንጆ። ታዲያ ምን እንበላቸው?"

ቧንቧው በደንብ አልተዘጋም፤ ውኃው ሲንጠባጠብ እምነት ጠበቅ አድርጋ ዘጋችው።

"ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃቸው?" አለች ሃዊ።

"ተዪው። ይቅርታ ካልሽማ ነገርሻቸው ማለት ነው።"

እምነት ብቻዋን ተመለሰች። ወይዘሮ ብዙወርቅ ቦርሳውን ባዶ አድርገውታል። መቁጠሪያቸውን፣ የቤት ቁልፋቸውን፣ መሐረባቸውን፣ የልዕልትን ጉርድ ፎቶ በፌስታል አድርገው ጎናቸው አስቀምጠዋል። የቦርሳው ጥግ ተልጦ ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ይታያል። እሱን በነጠላቸው ጫፍ ይወለውላሉ፤ በወለወሉት ቁጥር ይበልጥ ይላጣል።

"እምነት።"

"ወዬ እማዬ።"

"ያቺ ልጅ ያለችውን ሰምተሻል።"

"እሷን ተያት። ስታወራ ነው የምትውለው።"

"የጠየቅኩሽ ስለ እሷ አይደለም። አንዲት ሀብታም ሴት የውሸት ቦርሳ ትይዛለች?"

እምነት አጎንብሳ የጫማዋን ማሰሪያ ነካካች።

"አትይዝም" አሉ ወይዘሮ ብዙወርቅ ራሳቸው። "የውሸት ከሆነ እንግዲህ የሴትየዋ አልነበረም። የሴትየዋ ካልነበረ አልሰጠቻትም። ካልሰጠቻት ደግሞ..." የቦርሳውን ዘለበት እየነኩ፣ "እኔ እስካሁን የቆየሁት፣ ስትታመም ውኃ የሚያቀብላት ሰው አጠገቧ ነበረ ብዬ ነው" አሉ።

እምነት ቀና አለች። "እማዬ፣ ሌላ ነገር እንስጥ። ከበር ላይ ጥላ ልግዛና..."

"የምወደውን ነው ያልኩት። መቼ ጥላ ስወድ አየሽኝ?"

ምንጣፉ ተሸጦ እልልታ ሆነ። አጫራቹ ዲያቆን ቀጣዩን ስለት እንዲያመጡ ተጣራ። ወይዘሮ ብዙወርቅ ቦርሳውን ለእምነት ዘረጉላት።

"ውሰጂ፣ አንቺ ስጪልኝ። ከማን ነው ብለው ይጠይቁሻል። የሴትየዋ ስጦታ ከነበረ እሱን ንገሪያቸው። ሌላ ከሆነም ሌላውን። እኔን ዋሽተሽኝ እንደሆነ ይቅር ብያለሁ። ታቦት ፊት ግን አትዋሺ።"

ቦርሳው ባዶውን ቀላል ነበር። እምነት በሕዝቡ መካከል ስታልፍ እጇ ላይ ያለ አልመስል ስላላት ደረቷ ላይ አስጠጋችው። "ማዳሟ ሰጠቻት" ብትል ምንም አይመጣም። እናቷ ዛሬ ማታም ይተኛሉ። እህቷም ያለችው ይኸንኑ ነው፤ "እንደዚያው በያት።" ዕድሜዋን ሙሉ ልትለው ትችላለች።

ዲያቆኑ ቦርሳውን ተቀብሎ ወደ ፀሐይ ከፍ አደረገው። ዘለበቱ አብረቀረቀ።

"እሰይ! ኦርጅናል ነው አይደል እህቴ? ኦርጅናል ብዬ ልጀምር?"

"ኦርጅናል አይበሉ።"

"ታዲያ ምን ልበል? ከማን ነው?"

እምነት ዞር ብላ አየች። ከሰው ራስ በላይ፣ ከጽዱ ሥር፣ እናቷ ጎናቸው ያለውን ፌስታል በአንድ እጃቸው ይዘው ወደ እሷ ያያሉ። ሃዊ ለመጠጋት ፈርታ ቧንቧው አጠገብ እንደቆመች ናት።

"ከልዕልት ነው" አለች። "የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም። አርፋለች። ሰው ቤት ሠርታ፣ ለእናቷ በላቧ የገዛችው ነው ይበሉ።"

"በላቧ የገዛችው?"

"አዎ። ማንም የሰጣት አይደለም።"

ዲያቆኑ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ነፍሷን ይማር" አለና ማይኩን ሊቀበል ዞረ።

እምነት እዚያው ሕዝቡ መሐል ቆማ፣ የእናቷን ፊት ሳታይ መስማት ትችል ነበር፤ ግን ተመለሰች። እየተጋፋች፣ ይቅርታ እያለች ተጣደፈች። ቧንቧው ጋ ስትደርስ ሃዊን እጇን ይዛ ሳበቻት። ወይዘሮ ብዙወርቅን መካከል አድርገው በግራና በቀኛቸው ተቀመጡ።

ወይዘሮ ብዙወርቅ ለሃዊ ቦታ እንዲለቅላት ፌስታሉን ከአግዳሚው አንስተው ጭናቸው ላይ አደረጉ፤ ፊታቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አዞሩ። የእምነትን እጅ ፈልገው ያዙ። ማጉያው አንድ ጊዜ ሲጥ አለ፤ ከዚያ የልዕልትን ስም ጠራ።