ያልተቃጠሉት ሽማግሌ

ውድነሽን እንዲጠይቁልኝ የላክኋቸው ሽማግሌዎች ለሁለተኛ ጊዜ ተቃጥለው ተመለሱ። ክፉኛ የተጎዳ የለም። የመምሬ ካሳሁን ጥምጥም ጫፉ ከስሏል፣ የአጎቴ ጋቢ ግማሹ የለም፣ የሦስተኛው ሽማግሌ ጺም ደግሞ ከነጭራሹ እዚያው ቀርቷል።

የውድነሽ አባት አቶ ጓንጉል ደሴ ውስጥ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ይኖራሉ። ከአጥር በራቸው እስከ ሳሎናቸው አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ በመሃል ያለው አየር ያቃጥላል። እሳቸውም አይክዱም፤ ተጣድፎ የገባ ይቃጠላል፣ እኔ ምን ላድርግ ይላሉ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ለሽምግልና ክብደት ያለው ሰው ይመረጣል ብዬ ሁለቴም ግዙፍ ግዙፉን፣ በመኪና እስከ በር የሚደርሰውን ላክሁ። አሁን አንድ ዕድል ቀርቶኛል፤ ሦስተኛው ካልተሳካ ለሌላ እድራታለሁ ብለዋል አባቷ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው። እወዳታለሁ፣ እሷም ትወደኛለች።

ሥራዬ ጣሪያ ማደስ ነው። ማክሰኞ ጠዋት አሸንዳ ውስጥ የወደቀ ምስማር በማግኔት ስለቅም አንድ ጥቁር ድቡልቡል ብናኝ ተጣበቀ። ከጤፍ ፍሬ ያንሳል። እንደምን አደርክ አለኝ። ዕድሜውን ብጠይቀው አራት ቢሊዮን ተኩል ግድም ነው፣ ፀሐይን በሕፃንነቷ አውቃታለሁ፣ የወረድሁት ከሰማይ ነው አለ። ከዚያ ወዲያ አንቱ አልኳቸው።

ከሰማይ ሲወርዱ እንዴት ሳይቃጠሉ እንደቀሩ ጠየቅኋቸው።

"ልጄ፣ ትልልቆቹ በፍጥነታቸው እንዳሉ ወፍራሙ አየር ውስጥ ይገባሉ፤ እዚያ ያልቃሉ። እኔ ትንሽ ነኝ። ገና ከላይ፣ አየሩ ስስ ሳለ ፍጥነቴን ጣልሁ። ሙቀቱንም አልያዝሁትም፣ እንደመጣ መለስሁት። ትንሽ ቀለጥሁ፣ ትንሽ ደነገጥሁ፣ ደረስሁ።"

"ሽማግሌ ይሆኑኛል?"

"ሠርግ እወዳለሁ" አሉ። ሽማግሌ ብቻውን አይሄድም ብለውም ከዚያው አሸንዳ ሁለት ጓደኞቻቸውን ጠሩ።

አሥራ ሁለቱ እርምጃ ዘጠኝ ቀን ፈጀባቸው። እኔ የአቶ ጓንጉል ጎረቤት ጣሪያ ላይ ሥራ ያለኝ መስዬ አያለሁ። በአራተኛው ቀን ግለው ቀሉ። በአምስተኛው ተመልሰው ጠቆሩ። በዘጠነኛው ሳሎን ገብተው አየር ላይ፣ በደረት ልክ ቆሙ። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሁሉንም እሰማለሁ። አቶ ጓንጉል ተቀመጡ ቢሏቸው፣ እንደ ደንቡ፣ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም አሉ።

አቶ ጓንጉል ዘር መቁጠር ጀመሩ። እኔና ውድነሽ እስከ ሰባት ቤት እንዳንዛመድ ነው።

"ሰባት ቤት ንጹሕ ነው" አሉ የኔው ሽማግሌ። "ከዚያ በላይ ከተቆጠረ ግን አልዋሽም። እርስዎም፣ ልጆቹም፣ ይህ ሶፋም፣ እኔም ከአንድ ደመና የወጣን ነን።"

ጉድ ፈላ አልሁ፤ ቆርቆሮውን ጨበጥሁ። አቶ ጓንጉል ሶፋቸውን ዞር ብለው አዩት። ከዚያ ሳቁ። እኚህ ሰው ሲስቁ የሰማ ሰው ሰፈራችን ውስጥ አልነበረም።

"እንግዲህ ሁላችንም ዘመድ ከሆንን ምን እከለክላለሁ። እሷ እሺ ካለች ሰጥቻለሁ።"

"ብያለሁ" አለች ውድነሽ ከጓዳ።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እኔ ጣሪያው ላይ ጨፈርሁ። የጎረቤታቸውን ሁለት ቆርቆሮ አጎደጎድሁበት፣ አላፈርሁም።

ከአባቷ ቤት እስከ ቤቴ ቁልቁለት ነው፤ በእግር ሩብ ሰዓት። በሠርጉ ቀን ሚዜዎቼ ሊያመጧት ሲሄዱ፣ አትጎትቱኝ፣ ቀስ ብዬ እወርዳለሁ አለቻቸው። ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ ነው። ሚዜዎቹ ግራና ቀኝ እያጨበጨቡ አብረዋት ይመጣሉ፣ መንገደኛው እንኳን ደስ አላችሁ እያለ ጥግ ይይዛል። አሁን ከደጄ የሚታየው፣ ከመስጊዱ በላይ ያለው መታጠፊያ ደርሳለች። እግሯ መሬት አልነካም፣ የቬሎዋ ጫፍ እንደ ፍም ይበራል፣ እጇን ታወዛውዝልኛለች።