አንድ ጣት ትርፍ ብረት

ሕዝቅያስ የሰደበኝ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ የፋሲካ ማግስት ሰኞ፣ በምሳ ሰዓት ነው። ወርክሾፓችን የብረት ቁርጥራጭ ከሚጥልበት የስክራፕ ገንዳ ውስጥ ደህና ደህናውን ቁራጭ ስለቅም አየኝና፣ ከቤቱ ያመጣውን ዶሮ እያላመጠ፣ «አይ ቆራሌው! አትላንታ መጥተህም አልተውከውም?» አለ። መጀመሪያ የሳቀው ፎርክሊፍት የሚነዳው ታደገ ነው። ከዚያ ሁሉም ተከተሉት። አማርኛ የማይሰሙት ሜክሲካኖቹ ሳይቀሩ ሳቁ።

ቆራሌው መባሌ አይደለም የቆጨኝ። አባቴ ምናለሽ ተራ ብረት ቀጥቅጦ ነው ያሳደገኝ፤ እኔም ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት እዚያው ልገባ ነው። አላፍርበትም። የቆጨኝ ሰዳቢዬ ነው። ሕዝቅያስ አገር ቤት የመንግሥት ጋራዥ ነው የሠራው። እዚያ ብረቱ የማንም ስላልሆነ፣ ሲቆርጡ «ትንሽ ይትረፍ» እያሉ ነው። አባቴ ግን «መጋዙም ድርሻውን ይበላል፤ እሱንም አስበህ ለካ» ይለኝ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ያደገን ሰው ነው የሰደበው።

አትላንታ ዳርቻ፣ ኖርክሮስ ያለው ወርክሾፓችን የፓምፕ ሻፍት ይሠራል። እኔ ረጅሙን የብረት ዘንግ በመጋዝ እቆርጣለሁ፤ አያንቱ የምትባል ልጅ በኮምፒውተር ቶርኖ ፍቃ ልኩ ላይ ታደርሰዋለች። በምን ያህል ይቆረጥ የሚለው ሱፐርቫይዘሩ፣ ያው ሕዝቅያስ ነው።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ባለቤቱ ሚስተር ግሌን ሰበሰበን። ብረቱ ፍቅፋቂ ሆኖ ገንዳ እየገባ አለቀ አለ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ተቆርጦ የተዘጋጀ እንገዛለን፣ መጋዙ ይሸጣል አለ። መጋዙ ከተሸጠ እኔስ? በዚህ ዕድሜዬ ከምኖርበት ከስቶን ማውንቴን እየነዳሁ ዌርሃውስ ሣጥን ልሸከም?

ስብሰባው ሲበተን ሕዝቅያስን ሰው ፊት ያዝኩት።

«ጥፋቱ የመጋዙ አይደለም። አንተ በየሻፍቱ አንድ ጣት ትርፍ ታስቆርጠኛለህ፤ አያንቱ ደግሞ ያንን ትርፍ ስትፍቅ ትውላለች። ቀንሰው። ከየዘንጉ አንድ ሻፍት ይተርፈናል።»

«ቢያጥርስ? በምራቅህ ልትቀጥለው ነው?»

ታደገ ፎርክሊፍቱ ላይ ሆኖ ሳቀ። የእሱ ሳቅ ሁሌም ዝግጁ ነው።

እንግሊዝኛዬ ስብርብር ያለ ነው፤ ቢሆንም አንድ ቁራጭ ይዤ ግሌን ቢሮ ገባሁ። ትርፉን በጣቴ ለክቼ አሳየሁት። «ዚስ፣ ኖ ጉድ። ጊቭ ሚ ዋን ዊክ» አልኩት። ግሌን ቁራጩን አየ፣ እኔን አየ፤ እስከ ዓርብ ሞክር አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ትርፉን ቀንሼ ቆረጥኩ። ብዙም ሳይቆይ አያንቱ ማሽኑን ስቶፕ አድርጋ ጠራችኝ።

«ጋሽ አብዱልጀባር፣ ሲሪየስሊ፣ ይሄማ አልወጣም።»

እውነቷን ነው። የሻፍቱ ጫፍ በአንድ በኩል ጥቁር እንደሆነ ቀርቷል፤ ቶርኖው አልደረሰበትም። ሕዝቅያስ ቀማኝና እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ ላገሩ ሁሉ አሳየው።

«ይኸውላችሁ የምናለሽ ተራ ኢንጂነር!»

ደሜ ፈላ። ማዕዘን መለኪያውን ስኳድራ አምጥቼ ከመጋዙ በወጣው ብረት ጫፍ ላይ ገጠምኩ። ጠሟል። ሌላ አነሳሁ፤ እሱም ጠሟል፤ በዚያው በኩል። የመጋዙ ምላጭ ዶልዱሞ ቀጥ ብሎ መውረድ አቅቶታል። ሕዝቅያስ «እስኪበጠስ ይሥራ» ብሎ አዲሶቹን ምላጮች ቆልፎባቸው ነበር። ለካስ ያ አንድ ጣት ትርፍ የዚህ ጥመት መሸፈኛ ኖሯል! ምላጭ ቆጥበን ብረት እንጥላለን።

«ቁልፉን አምጣ» አልኩት።

«ገና ይሠራል እኮ።»

«ቁልፉን!»

«ጋሽ ሕዝቅያስ፣ ስጠው እንጂ» አለች አያንቱ። «እኔ እዚህ ቆሜያለሁ።»

ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ ወረወረው። ምላጩን ቀየርኩ፤ ላልተው የነበሩትን ግራና ቀኝ መያዣዎች አጠበቅኩ። አዲስ ምላጭ አይቸኩሉበትም፤ ጥርሱ እስኪለምድ ቀስ ብዬ ነዳሁት። ስኳድራውን አዲስ በቆረጥኩት ላይ መልሼ ስገጥም በመሀሉ ብርሃን አላለፈም።

«ኦ ማይ ጋድ!» አለች አያንቱ የመጀመሪያውን ስታወጣ። «አንዴ ብቻ ፍቄው ነጣ!»

ከዚያ ወዲያ ሥራው ተገለበጠ። ፊት እኔ እሷን እጠብቅ ነበር፤ አሁን እሷ እጇን አጣጥፋ እኔን መጠበቅ ያዘች። ዓርብ ዕለት ግሌን መጥቶ ገንዳው ውስጥ አጎንብሶ አየ፤ ግማሽ እንኳ አልሞላም። መጋዙን መታ መታ አድርጎ፣ አይሸጥም አለ። ከእንግዲህ የሚቆረጥበትን ልክ የምወስነውም እኔ ነኝ አለ። ስሜን መጥራት ቸግሮት «አብዱ ጃባ» አለው፤ ይሁን፣ በሁሉም ፊት ነው የጠራው። ቀና ብዬ ቆምኩ። ለምን አልቆምም? የአባቴ ልጅ ነኝ።

ሕዝቅያስ ግሌን እስኪሄድ ጠብቆ ተጠጋኝ።

«አንተ ግን ክፉ ነህ» አለኝ፣ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «ቀንሰው ብትለኝ ኖሮ እኔ እምቢ እልህ ነበር? ወንድም ለወንድም እንዲህ ይደረጋል?»

በስብሰባው ዕለት «ቀንሰው» ስለው የሰማው ታደገ፣ ምን እንደምል ለማየት ሞተሩን አጠፋ። አያንቱም ዞር አለች።

አዲስ ዘንግ መጥቶ ተራውን ይጠብቃል። ጓንቴን አጠለቅኩና ሕዝቅያስን እዚያው ትቼ ወደ መጋዜ ሄድኩ።