የንጉሡ ትንፋሽ

ሰውየው አፉ ይሸታል። ቲያትር ቤቱ ውስጥ ይህን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ራሱ ሰውየው ነው።

ስሙን ትቶ ሁሉም «ንጉሡ» ይለዋል። በወጣትነቱ አንድ ተውኔት ላይ ንጉሥ ሆኖ ተጫውቶ ነበር፤ ተውኔቱ ከመድረክ ሲወርድ እሱ ከዙፋኑ ሳይወርድ ቀረ። ሻይ ሲያዝ በአዋጅ፣ ሲያስነጥስ በነጋሪት ነው። ደረቱን ነፍቶ በኮሪደሩ ሲመጣ ሰው ሁሉ ግድግዳ ይታከካል። እሱም ይህን ከአክብሮት ይቆጥረዋል። የሚሸሹት አፉን መሆኑን ማን ደፍሮ ይንገረው?

የመድረክ ሚስቱ ሆና የምትጫወተው ተዋናይት ግን ግድግዳ የምትታከክበት ዕድል አልነበራትም። አዲሱ ተውኔት ባሏ ጠፍቶባት ስትጠብቅ የኖረች ሴት ታሪክ ነው። በመጨረሻው ትዕይንት ባልየው ይመለሳል፤ እሷ ሮጣ አንገቱ ላይ ትጠመጠማለች፤ ጉንጯን ጉንጩ ላይ አስደግፋ «ትንፋሽህ ሲናፍቀኝ ኖረ» ትላለች። ደራሲው ይህን ሲጽፍ ከንጉሡ ጋር አንድ ሊፍት ውስጥ ገብቶ እንደማያውቅ ግልጽ ነው።

መቼም ንጉሡ ራሱን የሚጥል ሰው አይደለም። መልበሻ ክፍሉ ውስጥ፣ መስታወቱ ሥር፣ በፊት ቀለሞቹና በዊጎቹ መሃል አረንጓዴ፣ ሚንት ሚንት የሚል የአፍ መጉመጥመጫ የያዘ ትልቅ ጠርሙስ ተገትሯል። ወደ መድረክ ከመውጣቱ በፊት አፉን ጢም አድርጎ ይሞላና አንጋጦ ጉሮሮውን ሲያንቆረቁረው፣ ከመጋረጃ ጀርባ ቧንቧ የፈነዳ ይመስላል። ከዚያ እንትፍ ይልና «አሁን የፈለገ ይምጣ!» ይላል። ተዋናይቷ ይህን በሰማች ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ዓይኗን ወደ ጣሪያ ትሰቅላለች። ማንም አልመጣልህም፣ ትላለች በልቧ፤ እኔም ብሆን ተልኬ ነው።

በልምምዱ መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ የሚቻል ነበር። ንጉሡ ተጉመጥምጦ ይወጣል፤ ወዲያው ይተቃቀፋሉ፤ ከሚንቱ ሥር አንዳች ነገር ቢያጉረመርምም ሚንቱ ያፍነዋል። ጣጣው የመጣው ንጉሡ «ድርሻዬ አነሰች» ያለ ጊዜ ነው።

«ስንት ዘመን ጠፍቶ የተመለሰ ሰው ዝም ብሎ ይታቀፋል እንዴ? ይናገራ!» ብሎ አዘጋጁን ጥግ አስያዘው።

አዘጋጁ ቀጭን፣ ሻርፕ የማይለየው፣ «ጥበብ» የምትለዋን ቃል በየአረፍተ ነገሩ ካልሰነቀረ የማይሆንለት ሰው ነው። ከንጉሡ ጋር መከራከር አይችልም፤ በዚያ ቅርበትማ ጭራሽ። ትንፋሹን ይዞ «ይሁን፣ ይሁን» አለና አመለጠ። ከእቅፉ በፊት ረጅም መነባንብ ተጨመረ። ንጉሡ ስለ መንገዱ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ ብቸኝነቱ አፉን በርገድ አድርጎ ሲያስተጋባ ሚንቱ ይተናል፣ ምራቁም ይደርቃል። በመጨረሻ «ነይ!» ብሎ እጁን ሲዘረጋ፣ የሚጠብቃት የታሸገ ጓዳ የተከፈተ ያህል ነው።

ተውኔቱ የተከፈተ ቀን ከሰዓት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ተዋናይቷ ሮጣ ተጠመጠመች። ጉንጯን አስጠጋች። ዓይኗ ወዲያው እንባ አቀረረ፤ ቃሏን ልታወጣ አየር ስትስብ ደግሞ ጭራሽ ጅረት ሆኖ ወረደ። ድምጿ ተቆራረጠ፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከፊት የተቀመጡ ሴቶች ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። አንድ ወፍራም ሰውዬ በእጅጌው አፍንጫውን ጠረገ። መጋረጃው ሲዘጋ ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ።

በሳምንቱ መጨረሻ ጋዜጣ ላይ አንድ ሐያሲ ስለ እሷ አፉን ሞልቶ ጻፈ፤ «እንባ ከዓይን ሳይሆን ከነፍስ ሲመነጭ አየሁ» አለ። እሷ ጋዜጣውን አንብባ ከት ብላ ሳቀች። ነፍስ! ይሄ ሰው አፍንጫ ቢኖረው ኖሮ ምን ሊጽፍ ነበር?

አዘጋጁ ጋ ሄዳ ጉዳዩን ሳትሸፋፍን ነገረችው። «ወይ መነባንቡን አሳጥር፣ ወይ እቅፉን አውጣው፣ ወይ ንገረው» አለችው።

አዘጋጁ ጋዜጣውን ደረቱ ላይ ለጥፎ እንደ ታቦት አቅፎታል። «አብደሻል? ሕዝቡ የሚመጣው ለዚያች እንባ ነው። እንባው ከየትም ይምጣ! ጥበብ መሥዋዕትነት ትጠይቃለች።»

«መሥዋዕቱ እኔ፣ ጥበበኛው አንተ?»

«አየሽ፣ አሁን ራሱ ስትናደጂ እንዴት እንደሚያምርብሽ!»

ጥላው ወጣች። ሰው ብላ በማናገሯ ራሷን ታዘበች።

በማግስቱ እህቷ ጋ ሄደች። ታላቅ እህቷ የጥርስ ሐኪም ናት፤ ነገር የማታንዛዛ፣ ሰው አፉን ከፍቶ መልስ መስጠት በማይችልበት ሰዓት ወሬ የምትጠይቅ ሴት። በዚያ ሰዓት በሽተኛ አልነበራትምና መሣሪያዎቿን እያጠበች ሰማቻት።

«እትዬ፣ ያን ሁሉ እየተጉመጠመጠ እንዴት ይሸታል?»

«ስለሚጉመጠመጥ አይሸትም ያለሽ ማነው?» አለች እህቷ። «ገበያ ላይ ካለው ብዙው ሽቶ ነው። ሽቶውን ሽታው ላይ ይጭነዋል፤ ሽቶው ሲተን የድሮው ተከራይ ቤቱን ይረከባል። ደህና የሚባሉት ጀርም የሚገድል ነገር አላቸው። ዚንክ ያለበትም አለ፤ እሱ ሽታውን ራሱን ይዞ ያከሽፈዋል። ግን ፈሳሽ እኮ የሚነካው የደረሰበትን ነው። የዚህ ሰውዬ ጉድ የሚሆነው ምላሱ ሥር እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ድዱ ውስጥ ተሸጉጦ ነው። እዚያ ጀርሞቹ ፍርፋሪ እየበሉ ድኝ ድኝ የሚል ጋዝ ይለቃሉ። የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ለዚያ ነው።»

«ታዲያ መነባንቡን ሲጨርስ ለምን ይብሳል?»

«ይደርቃላ! አፍን ቀኑን ሙሉ የሚያጥበው ምራቅ ነው። ሰው ሲለፈልፍ ይደርቃል። ያ የሚጉመጠመጠው ደግሞ አልኮል የበዛበት ከሆነ እሱም ያደርቀው ይሆናል። ሰውዬሽ ማጠቢያውን አባሮ በሽቶ ያጌጣል።» እጇን አደራረቀችና ዞር ብላ አየቻት። «ለመሆኑ ነግራችሁታል?»

«ማን? እኔ? ለንጉሡ?»

«ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ሁላችሁም ከኋላው ትስቃላችሁ፣ አንዳችሁም አልነገራችሁትም። ወይ ጉድ! እሱስ ቢያንስ አያውቅም።»

እህቷ አንድ የምላስ መጥረጊያ ከመሳቢያ አውጥታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት፤ ጫፉ ጎበጥ ያለ ትንሽ ብረት ነው።

ተዋናይቷ ግን አፍ አውጥታ መናገሩን ፈራች። መጥረጊያውን መልበሻ ክፍሉ ገብታ ጠርሙሱ ጎን አኖረችው። ንጉሡ አንስቶ አገላበጠው።

«ምንድን ነው ይሄ ልጄ? የጢም ነው?»

«የምላስ ነው። ምላስ የሚጠረግበት። ለአፍ ጠረን ጥሩ ነው ይላሉ።»

ንጉሡ ራሱን በሐዘኔታ ነቀነቀ። «ደግ ነሽ። ለመብራት ሠራተኛው ስጪው። ምስኪን፣ አፉ ሳይሸት አይቀርም። ባናገርኩት ቁጥር ፊቱን ያዞራል። ማፈሩ ነው።»

እንዲህ ብሎ ጠርሙሱን አንስቶ አንጋጠጠ። ቧንቧው ፈነዳ። ተዋናይቷ ወጥታ በሩን ስትዘጋ ልትስቅም ልትጮህም ፈልጋ ሁለቱንም ተወችው።

ከዚያ ወዲህ ንጉሡ፣ የአፍ ጠረን ነገር ተነስቶ ስለነበር ይሁን እንጃ፣ መጉመጥመጡን አበዛው። በየትዕይንቱ መሃል ሮጦ ገብቶ ያንቆረቁራል። ተዋናይቷም እህቷ ያለቻት ሲደርስ አየች፤ ጠርሙሱ በጎደለ ቁጥር መነባንቡ መጨረሻ ላይ የሚጠብቃት ጓዳ ይብስባታል። እንባዋ እየበዛ፣ ተመልካቹ እየበዛ፣ አዘጋጁ እየወፈረ ሄደ።

ልቧ የቆረጠው አንድ እሑድ ነው። እንደተለመደው ተጠመጠመች፣ እንደተለመደው ዓይኗ ጎረፈ። ንጉሡ ጆሮዋ ሥር ሆኖ፣ ተመልካች እንዳይሰማው ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ «ጎበዝ ልጄ፤ እንባሽን ከእኔ ነው የምትወስጂው» አላት።

መጋረጃው እንደተዘጋ ተከትላው መልበሻ ክፍሉ ገባች።

«አዎ፣ ከእርስዎ ነው የምወስደው» አለችው። «አፍዎ ይሸታል። ይሸታል ስልዎ ትንሽ አይምሰልዎ። የማለቅሰው ዓይኔን ስለሚያቃጥለኝ ነው። የመብራት ሠራተኛው ፊቱን የሚያዞረው ከእርስዎ ነው። ኮሪደር ላይ ሰው ግድግዳ የሚታከከው እርስዎን ሸሽቶ ነው። ይህን ጠርሙስ ደግሞ ባሕር ቢያደርጉት ዋጋ የለውም፤ ጥርስ ሐኪም ይሂዱ።»

ተናግራ ስትጨርስ ቁጣ ጠበቀች። ነጋሪት ጠበቀች። ንጉሡ ግን ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ግማሽ ፊቱ ቀለሙ ተጠርጓል፣ ግማሹ ገና ነው። ዘውድ የሌለበት ራሱ ያን ቀን ትንሽ መሰላት።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ።

«እኔ ካወቅሁዎ ጀምሮ።»

«ባለቤቴ ሌላ ክፍል የምትተኛው ስለማንኮራፋ ነው ብላኝ ነበር» አለ ንጉሡ፤ ለእሷ ይሁን ለመስታወቱ አልታወቀም። «እኔም እንዳላንኮራፋ ብዬ ስንት ትራስ ቀያየርኩ።»

ተዋናይቷ እንዳታዝንለት ታገለች። ግን አዘነችለት። በመናቅ ያሳለፈችው ጊዜ ሁሉ እንደ ሥራ ይቆጠርላት የነበረ ይመስል፣ አሁን የምትንቀው ሲጎድልባት ግራ ገባት። የእህቷን ክሊኒክ አድራሻ ነግራው ወጣች።

ንጉሡ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ኮሌታውን ሰቅሎ ሄደ። እህቷ ድዱ ሥር ደንድኖ የተጋገረውን በብዙ ምልልስ ጠርጋ አወጣችለት፤ የተቦረቦረ መንጋጋውን ሞላችለት፤ ምላሱን ከሥሩ እንዴት እንደሚጠርግ አሳየችው። መጉመጥመጫውንም አልከለከለችውም፤ አልኮል የሌለበት ሰጥታ «ይሄ ረዳት ነው፣ ዋናው ሥራ የእጅህ ነው» አለችው። ውሃም በየሰዓቱ እንዲጎነጭ አዘዘችው። ንጉሡ በሕይወቱ የታዘዘው ያኔ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ታዲያ ዳነ። እቅፉም ላይ ተዋናይቷ ጉንጯን አስጠግታ አየር ሳበች፤ ምንም የለም። ንጹሕ ሰው፣ ንጹሕ ትንፋሽ። ቃሏን አለች፤ ዓይኗ ግን እንደ አሸዋ ደረቀ። ከአዳራሹ ሳል ተሰማ፤ ሁለተኛም ሳል ተከተለ። የፊት ረድፍ ሴቶች ያዘጋጁትን መሐረብ ቦርሳቸው ውስጥ መለሱ።

አዘጋጁ ሻርፑን እየጎተተ መጣ። «ምን ነካሽ? የት ሄደች ነፍስሽ?»

«ጥርስ ሐኪም ጋ።»

«አትቀልጂ! መሐረብሽ ላይ ሽንኩርት ቢጤ እናድርግበት?»

«ሽንኩርቱን ራስህ አሽትተህ አልቅስ!» አለችውና ሄደች። ቤቷ ገብታ ግን ንዴቱ በእሱ ላይ አላረፈም። ለካ ያ ሁሉ ጭብጨባ፣ ያ ሁሉ የጋዜጣ ውዳሴ ለሰውየው ድድ ኖሯል! እሷ አንድም ቀን ያችን ሴት ሆና አልተጫወተችም፤ ቆማ ታፍናለች እንጂ። ንጉሡን፣ አዘጋጁን፣ ሐያሲውን፣ ተመልካቹን ስትንቅ ከርማ ራሷን መዝለሏ አናደዳት።

ከዚያ በኋላ ጽሑፉን እንደ አዲስ አነበበችው። ስንት ዘመን የጠበቀች ሴት ባሏ ሲመጣ የምታለቅስ አልመሰላትም። የምትፈራ ነው የመሰላት፤ እሱ ይሁን አይሁን የምትጠራጠር። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ሮጣ አልተጠመጠመችም። ቀስ ብላ ሄዳ ጉንጩን በጣቷ ነካች፣ ዝም ብላ አየችው፣ ከዚያ ብቻ ተጠጋች። ንጉሡ ግራ ገብቶት መነባንቡን ረሳው፤ ደግ አደረገ። ከአዳራሹ ድምፅ አልነበረም። ጭብጨባው እንደ ድሮው ጣሪያ አላነሳም፤ ግን መጋረጃው ተዘግቶም አንድ ሁለት ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ ቀረ። ሐያሲው «ቀዝቅዛለች» ብሎ ጻፈ፤ ይጻፍ።

ንጉሡማ አዲስ አባዜ ይዞት ነበር። በኮሪደሩ እየዞረ ሰው ይዞ «ምላስህን አውጣ!» ይላል፤ በኪሱ ትንሽ ባትሪ ይዞ ያበራል። የአፍ ንጽሕና ከእሱ በፊት ያልነበረ፣ እሱ የፈጠረው እስኪመስል ድረስ ስለ ድድና ስለ ምራቅ ይሰብካል። ሰውም እንደገና ግድግዳ መታከክ ጀመረ።

አንድ ቀን ከትርኢት በኋላ ተዋናይቷ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆማ ሳለ፣ ጃንጥላ የያዘች ሴት ጠጋ ብላ አፈጠጠችባት።

«ያቺ የቲያትሯ አይደለሽ? ባለፈው ከእህቴ ጋር ያየሁሽ ጊዜ ያለቀስሽው ለቅሶ! ዛሬ ግን ምን ሆንሽ? ታመሽ ነው?»

«አይ፣ ያኔ ነበር የታመምኩት» አለች ተዋናይቷ።

ሴትየዋ ከንፈሯን መጠጠች። «ያኔ ይሻል ነበር» ብላ ፊቷን አዞረች። አውቶቡሱ መጣ፤ ሁለቱም እየተጋፉ ገቡ።