ሰባት እርምጃ

ሰፈሩ ሁሉ «ቀና በሉ» ይለዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ ከአፉ የማይጠፋው ይኸው ቃል ስለነበር፣ ቃሉ ስም ሆኖ ቀረ። ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ከወለሉ ጋር በምስማር ተመትቷል። እሱ የሚቆምበት ቦታ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፏል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት አንድ ቀን እንኳ ተለውጦ አያውቅም። ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ «ቀና በሉ፣ ጆሮዎ ይታይ» ይባላል፣ አለቀ።

አሁን ግን ጉርድ ፎቶ የሚነሳ ሰው ጠፋ። መሥሪያ ቤቶቹ ባለጉዳዩን እዚያው ጠረጴዛቸው ፊት በራሳቸው ካሜራ ማንሳት ጀመሩ። አንድ ሰኞ ጠዋት ባለስቱዲዮዋ ራሳቸው መጥተው በርጩማው ላይ ተቀመጡ።

«ስማ» አሉት። «ይቺን ክፍል ላፈርሳት ነው። ከእንግዲህ የምንኖረው በሰርግ ነው። አንተ ደግሞ ሰርግ አንስተህ አታውቅም።»

«እለምደዋለሁ እትዬ።»

«የእህትህ ልጅ ልታገባ አይደል? እሱን አንሳና አምጣ። ለደንበኛ የማሳየው ሥራ ከሆነ ከኔ ጋር ትቆያለህ። ካልሆነ ግን፣ አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው ነህና ክፉ አታናግረኝ።»

ተነስተው ቁምሳጥኑን ከፈቱ። ሦስት ሌንሶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ክንድ ያህላል፤ ሩቅ ያለውን ስቦ ያመጣል። ሁለተኛው ሃያ አራት በሰባ የሚሉት ነው፤ ሲፈልጉ ክፍሉን በሙሉ ያቅፋል፣ ሲፈልጉ ጠበብ ይላል። ሦስተኛው ሰማንያ አምስት ነው፤ አይሰፋም አይጠብም፣ የሰው ፊት ግን እንደሱ አሳምሮ የሚያወጣ የለም።

«በዚያ ቀን እኔም ሌላ ሰርግ አለብኝ፤ አንድ ብቻ ነው የምትወስደው። የቱን እንደምትወስድ ደግሞ አልነግርህም። ምርጫውም ፈተናው ውስጥ ነው።»

ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። ጉዳዩን አስረድቶ ሳይጨርስ የእህቱ ባል አቋረጠው።

«ረጅሙን ነዋ! የጎረቤታችን ልጅ ስታገባ ፎቶ አንሺው መድፍ የሚያህል ነበር የተሸከመው። እንግዳው ሁሉ እሱን ሲያይ ነው የዋለው።»

«ሙሽራዋን ትቶ?»

«ቢሆንስ? ያስከብራል።»

ሙሽራዋ ስልኳን አፍንጫው ሥር ደቀነችበት። «አጎቴ፣ እኔ እንዲህ ነው የምፈልገው። እኔ ጥርት ብዬ፣ ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጭልምልም ብሎ።»

«ከኋላሽ ያለሁት እኔ ነኝ» አለች እናቷ ከጓዳ ብቅ ብላ። «ልጄን ድሬ ልጨልም?» ከዚያም ወደ ወንድሟ ዞረች። «እኔ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ሁሉም ሰው ያለበት አንድ ፎቶ። አንድም ሰው እንዳይቀር።»

«እሺ እታለም።»

«እሺ ማለቱን ከልጅነትህም ታውቅበታለህ።»

ረጅሙን ወዲያው ከሐሳቡ አወጣው፤ ሰርጉ በሚደረግበት በእህቱ ሳሎን ውስጥ በሱ የሚነሳው የሰው ቅንድብ ብቻ ነው። ሐሙስ ዕለት የቀሩትን ሁለት ሌንሶች አስፈቅዶ ሊሞክር ወደ እህቱ ቤት መጣ። ሳሎኑ ቀለም ሊቀባ ስለሆነ ዕቃው በሙሉ ወጥቶ ነበር። መጀመሪያ ሃያ አራት በሰባውን ገጠመ። የእህቱን ልጅ ቀረብ ብሎ በሰፊው አነሳትና አሳያት።

«ውይ አፍንጫዬ! አጎቴ ምን አደረግኩህ?»

እውነቷን ነው፤ አፍንጫዋ ከፊቷ ቀድሞ የወጣ ይመስላል። ወደ ኋላ ብሎ ጠበብ ቢያደርገው እንደሚስተካከል አልጠፋውም። ግን የሰፈሩን አፍንጫ ሁሉ በልኩ ሲያወጣ የኖረ ሰው ነውና ያንን አንድ ፎቶ ካየ በኋላ ሌንሱን በዓይኑ ማየት አስጠላው። ሰማንያ አምስቱን ገጠመ። ወደ ኋላ ሄደ፣ አሁንም ሄደ። በሰባተኛው እርምጃ ጀርባው ከግድግዳው ጋር ተገናኘ። በካሜራው ውስጥ ልጅቷ ከጸጉሯ እስከ ጫማዋ ጥርት ብላ ቆማለች። ከኪሱ ነጭ ፕላስተር አውጥቶ እግሩ የቆመበት ላይ ለጠፈ። በዚያ ሳምንት ልቡ ሙሉ የሆነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የሰርጉ ቀን ሰማንያ አምስቱን ብቻ ይዞ መጣ፤ ሳሎኑን ሲያየው ሌላ ቤት የገባ መሰለው። ሶፋው ተመልሷል። የኬኩ ጠረጴዛ መሐል ላይ ተተክሏል። የኪራይ ወንበሮች ጉልበት ለጉልበት ተደርድረዋል፤ በየወንበሩ ላይ ሰው፣ በየሰው ጭን ላይ ሕፃን። በእግር መሐል እየተሹለከለከ ፕላስተሩን ፈለገ። አገኘው። የእሱና የእህቱ አጎት፣ የሽማግሌው ወንበር ከነሽማግሌው ተቀምጦበታል።

«አባባ፣ እባክዎ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ።»

«ወዴት?»

ዞር ዞር ብሎ አየ። ወዴትም አልነበረም።

«ከጠዋት ጀምሮ የያዝኩት ቦታ ነው። ነፋስ የማይገባበት እዚህ ብቻ ነው። ለምን አንተ ፈቀቅ አትልም?»

ከሙሽሮቹ ሦስት እርምጃ ርቆ ቆመ። በካሜራው ውስጥ ሙሽራዋ ከደረቷ በላይ ብቻ ናት። ወደ ኋላ ሲል የኬኩ ጠረጴዛ ወገቡን መታውና ሦስት አክስቶች ባንድ አፍ ጮኹበት። ቀለበት ሲደረግ ፊታቸውን ያዘ፤ ጣቶቹ ቀሩ። ካሜራውን ወደ ጣቶቹ ዝቅ ሲያደርግ ሙሽራው የሚያለቅስ ፊት ነበረው አሉ፤ እሱ አላየውም። ኬኩ ሲቆረጥ ወይ ቢላዋው ይገባል ወይ ሳቁ፤ ሁለቱ አንድ ላይ እምቢ አሉ።

የእህቱ ባል ጆሮው ሥር መጣ። «ረጅሙን ብዬህ ነበር።»

ረጅሙ ቢሆን እንዲያውም ይብስ ነበር። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገብቷል። ሁለት መቶ ያህል ፎቶ አንስቶ ወደ ኋላ እያገላበጠ አያቸው። አንዱ ካንዱ ያምራል፤ ሁሉም ደረት ላይ ተቆርጠዋል። ሰባት እርምጃውን የለካው ባዶ ክፍል ውስጥ ነበር። ባዶ ክፍል ውስጥ ደግሞ ማን ይዳራል? አፍንጫ አፍንጫ ሲል ይሄ ሳይታየው መቅረቱ አንገበገበው።

እህቱ እጁን ጎተተችው። «ሁሉም ያለበትስ?»

«አስወጫቸው» አላት። «ሁሉንም ወደ ውጭ።»

«በዚህ ፀሐይ?»

«እታለም፣ አስወጫቸው አልኩ!»

እንግዳው እያጉረመረመ በሩ ላይ ባሉት ደረጃዎች ተደረደረ። ሽማግሌው ብቻ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም። እሱ ወደ ኋላ ሄደ። ከወገብ በታች የሆነው አጥር ጋ ደረሰ፤ አልበቃም። ከእግረኛው መንገድ ወረደ፤ ግማሹ ሰው ገና አልገባለትም። አስፋልቱን ተሻግሮ ማዶ ያለው የጎማ ጥገና ግድግዳ ላይ ጀርባውን ሲያስደግፍ ሁሉም ገቡ። ያን ጊዜ አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ሰርጉን ከለለው። ቀጥሎ አውቶቡስ። ቀጥሎ ፍራሽ የጫነ ብስክሌት፣ ያውም እየተንቀራፈፈ። ማዶ ያለው ሰልፍ መላላት ጀመረ፤ አንዷ ጫማዋን አወለቀች፣ ወንዶቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ወሬ ይዘዋል። ሌላ መኪና ከታች ሲመጣ ታየው። የሳምንቱ ንዴት ገነፈለበትና፣

«ቀና በሉ!» ብሎ ጮኸ።

ከቆሙት ውስጥ በዚያች የስቱዲዮ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። አገጩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተነሳ። ከዚያ እርስ በርስ ተያዩና ሳቁ ከደረጃው ላይ ፈነዳ። መኪናው ሳይደርስ ሦስቴ አነሳ።

ሰኞ ጠዋት ባለስቱዲዮዋ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አገላበጡ።

«ሙሽሪት፣ ጉርድ። ሙሽራው፣ ጉርድ። ሚዜው፣ ጉርድ። ኬኩም ጉርድ! ይሄ ሰርግ ነው ወይስ የመታወቂያ እድሳት?»

የቀሩትን ፎቶዎች ወደሳቸው ገፋ አደረገ።

መጨረሻ ላይ እጃቸው ቆመ። ደረጃው ላይ ያለውን ሰው ሁሉ፣ የተከፈተውን አፍ፣ በአንድ እጇ ጫማዋን በሌላው ሆዷን የያዘችውን ሴት ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ጣታቸውን አንድ ጥግ ላይ አሳረፉ።

«እኒህ በመስኮቱ ውስጥ ያሉት ማናቸው?»

አጎንብሶ አየ። ሽማግሌው ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ተቀምጠዋል።

«ምልክቴ ላይ የተቀመጡት ናቸው።»

ባለስቱዲዮዋ አልሳቁም፤ መነጽራቸውን አወለቁ እንጂ። «ይቺ አንዷ በሩ ላይ ትሰቀላለች። ሌላውን ለእህትህ ስጣትና ይቅርታ ጠይቃት። ቅዳሜ ሰርግ አለ፣ ምግብ ቤት ውስጥ። ከኔ ጋር ትወጣለህ። ምረጥ።»

ቁምሳጥኑ ተከፈተ። እጁ ወደ ሃያ አራት በሰባው ሄደ፣ የእህቱ ልጅ አፍንጫ ትዝ ሲለው ተመለሰ፣ በራሱ ተናደደ።

«እትዬ፣ ምግብ ቤቱ ሰው የሚሞላው መቼ ነው?»

«ምሳ ሰዓት ነዋ። ምን ልትሆን?»

«ሰው እንዳለበት ልለካው።»

ሃያ አራት በሰባውንም ሰማንያ አምስቱንም ሊሞክራቸው ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ፕላስተሩን ግን ከኪሱ አውጥቶ መሳቢያው ውስጥ ወረወረው።