ከጅረቱ ወዲያና ወዲህ

መስመሩ አረንጓዴ ነው። ከባቡር ሐዲዱ ተነሥቶ የባሮናን ጅረት በየጥምዙ እየተከተለ ይወርድና የአልደርቪልን ሰፈር ለሁለት ይከፍለዋል። ግሌኒስ ሃላም መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ አፍንጫዋ ግድግዳውን ሊነካ እስኪደርስ ወደ ካርታው ተጠጋች። የእሷ ቤት ያለበት ፔፐር ጎዳና ከመስመሩ በላይ ቀርቷል። የካርሞዲ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ደግሞ ከመስመሩ በታች። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የትንሿን ጣቷን ጥፍር አያህልም።

«ቤትሽን አገኘሽው?» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዋ።

መዞር አላስፈለጋትም። «አገኘሁት። የአንተንም አግኝቼዋለሁ። ሌላ አገር ሆነሃል።»

«ፓስፖርቴን ሳላሳድስ!» አለ ሳቭ ግሬች።

ቦታው ሜልበርን መሀል ከተማ ያለ፣ ምንጣፉ ያረጀ አዳራሽ ነው። ኮሚሽኑ የምርጫ ክልሎችን አዲስ ድንበር በረቂቅ አውጥቷል፤ ዛሬ ሕዝብ የሚለውን ይሰማል። የተመዘገበ ሰው ሁሉ አምስት ደቂቃ አለው። ግሌኒስ ዐሥራ ሦስተኛ ናት። ሳቭ ዐሥራ አራተኛ። ተራቸው የተከታተለው በአጋጣሚ ነው፤ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ግን ልማድ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በምርጫ ቀን በካርሞዲ ትምህርት ቤት በር ላይ፣ እሷ የቀዮቹን ፓርቲ፣ እሱ የሰማያዊዎቹን ፓርቲ «እንዲህ ምረጡ» የሚል ወረቀት ለመራጩ ሲያድሉ ኖረዋል። እሷ ጡረታ የወጣች የጂኦግራፊ አስተማሪ ናት። እሱ ከማልታ በልጅነቱ መጥቶ የሸክላ ንጣፍ ሱቅ ከፍቶ ያረጀ ሰው ነው።

በእነዚህ ዓመታት ግሌኒስ አንድም ጊዜ አላሸነፈችም። ቶርበርን የሚባለው የምርጫ ክልላቸው ከጦርነቱ በኋላ ከፖም እርሻ ላይ ተቆርጦ ከወጣ ጀምሮ የሰማያዊዎቹ ነው። ፖም አብቃዮቹ ሰማያዊ ነበሩ። መሬታቸውን ሸንሽነው ሲሸጡ፣ በላዩ ቀይ ጡብ ቤት የሠሩት ሰዎችም ሰማያዊ ሆኑ። ልጆቻቸውም እንደዚያው። ድንበሩ አራት ጊዜ ተነቃንቋል፤ አንዴ የምሥራቁን አውራ መንገድ ዋጠ፣ አንዴ የጎልፍ ሜዳውን ተፋ። ውጤቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ከጅረቱ ሰሜን ያለው የድሮ ጡብ ፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር ብቻ ቀይ ይመርጣል፤ እሱም ባሕር ውስጥ እንደተበተነ ጨው ሟሙቶ ይቀራል። የቶርበርን ሰው በምርጫ ማታ ቴሌቪዥን የሚከፍተው የሌላውን ሰፈር ውጤት ለማየት ነው።

አሁን ግን አረንጓዴው መስመር ሰሜኑን ዳርቻ ቆርጦ ለጎረቤቱ ለኬምፕ ሊሰጠው ነው። ኬምፕ ባለፈው ምርጫ አሸናፊው በአራት መቶ ዐሥራ ሁለት ድምፅ ብቻ ያሸነፈበት ክልል ነው፤ የሰሜኑ ቀይ ድምፅ ሊወስነው ይችላል።

የቀዮቹ የምርጫ ኃላፊ ሮሺኒ ፔሬራ በወንበሮቹ መካከል ሹልክ ብላ መጥታ ግሌኒስ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ሳቭን ጭንቅላቷን ነቅንቃ ሰላም አለችውና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የጻፍንልሽን የድጋፍ ጽሑፍ አነበብሽው?»

«አንብቤዋለሁ። አንዳንድ ቦታ አርሜዋለሁ።»

«ግሌኒስ፣ እባክሽ እንዳለ አንብቢው። ከሰሜን ዳርቻ ያለን ሰው አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ ብናገረው የፓርቲ ጉዳይ ይመስላል።»

«የፓርቲ ጉዳይ አይደለም እንዴ?»

«የድልድዩም ጉዳይ ነው» አለች ሮሺኒ፤ ተነሥታም ሄደች።

በዚህ ነገር ግሌኒስ ከራሷ ጋር ስትከራከር ሰንብታለች። ከሁለት ክረምት በፊት ጎርፍ የባሮናን የእግረኛ ድልድይ መሀሉን በጥሶ ወሰደው። አጥር ታጠረበት፣ «በቅርቡ ይጠገናል» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለበት፤ አሁን ጽሑፉ ደብዝዞ፣ ለማንበብ ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ያው ጎርፍ ኬምፕ ውስጥም ድልድይ ወስዶ ነበር። እዚያ በአራት ወር መብራት ያለው አዲስ ድልድይ ቆመ፤ ሁለት ሚኒስትሮች ተሽቀዳድመው ሪባን ቆረጡ። በቶርበርን ሰማያዊዎቹ መድከም አያስፈልጋቸውም፤ ቀዮቹ ቢደክሙም ጥቅም የለውም። የፔፐር ጎዳና ልጆች ድሮ በሦስት ደቂቃ በእግራቸው የሚደርሱበት ትምህርት ቤት፣ አሁን በመኪና ዞረው ዐሥራ አንድ ደቂቃ ይወስድባቸዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ድንጋይ ላይ ውኃ ስታፈስ ለኖረች ሴት፣ ድምፅዋ የሚመዝንበት ቦታ ተሰጥቷታል። ማድረግ ያለባት አንድ ገጽ ማንበብ ብቻ ነው።

ችግሩ በሩ ነው፤ መስመሩ ከጸደቀ እሷ ለኬምፕ ትሆናለች፣ የካርሞዲ በር ለቶርበርን ይቀራል። እንዲህ ያለውን ነገር አምስት ደቂቃ ሰጥቶ ለሚሰማ ኮሚሽን ማስረዳት አይቻልም።

የካርሞዲ በር የራሱ ሕግ አለው። ሽንት ቤት የሚሄድ ሰው ወረቀቱን ለባላጋራው ይሰጣል፤ «ያዝልኝ» ይላል። የያዘው ሰው ሁለቱንም ያድላል፤ «ሰማያዊ? ቀይ?» እያለ፣ ሳያዳላ። አንዴ ግሌኒስን ለእርዳታ ብለው ወደ ኬምፕ ልከዋት ነበር። እዚያ በየበሩ ጠበቃ ቆሟል፤ አንዱ ሜትር ይዞ ከበሩ ስድስት ሜትር መራቃችሁን ካልለካሁ ይላል፤ ሌላው ሁሉን በስልኩ ይቀርጻል። ከፊት ለፊቷ ለቆመችው ሴት ወረቀቷን ዘርግታ «ያዢልኝ» ስትላት፣ ሴትዮዋ የሰረቀችውን ዕቃ ልታስደብቃት የመጣች ይመስል ወደ ኋላ አፈገፈገች። ግሌኒስ ያን ቀን ሽንቷን እስከ ማታ ቻለችው።

ባለፈው ምርጫ ደግሞ፣ ልክ በበሩ ለመራጮች የሚሸጠው የተጠበሰ ቋሊማ ሰልፉ ረዝሞ ሽንኩርቱ ማለቅ ሲጀምር፣ የሳቭ ስልክ ጮኸ። ከሆስፒታል ነበር፤ ስለ ሚስቱ ስለ ካርመን። ፊቱን አየችው፣ እጇን ዘረጋች፣ ወረቀቱን ሰጣትና ሄደ። አልተመለሰም። ግሌኒስ እስከ ምሽቱ ዐሥራ ሁለት ሰዓት በግራ እጇ ቀዩን፣ በቀኝ እጇ ሰማያዊውን ይዛ ቆመች። በሩ ሲዘጋ የእሱንም የቅስቀሳ ሰሌዳ ነቀለች፤ ዝናብ እንዳይመታው ብላ በራሷ ጋራዥ አስቀመጠችው። ካርመን በዚያው ምሽት ሞተች። ሮሺኒ ነገሩን ሰምታ «ለጠላት ስትሠሪ ዋልሽ» አለቻት፤ እየሳቀች ነው ያለችው፣ ግን ብላዋለች። ሳቭ ስለዚያ ቀን እስካሁን ቃል ተንፍሶ አያውቅም።

«ወይዘሮ ግሌኒስ ሃላም» አሉ ሰብሳቢዋ።

ግሌኒስ ተነሥታ ወደ ማይክሮፎኑ ሄደች። የመጀመሪያውን አንቀጽ በአስተማሪ ድምፅ፣ ጥርት አድርጋ አነበበች። ሁለተኛውን ጀመረች። «የባሮና ጅረት ሁለት የተለያዩ ማኅበረሰቦችን የሚለይ የተፈጥሮ ድንበር...»

አቆመች። ወረቀቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይቅርታ። ይህን ሠላሳ አራት ዓመት ያስተማርኳቸው ልጆች ቢጽፉልኝ ኖሮ ዜሮ እሰጣቸው ነበር። ጅረት መስመር የሚመስለው ካርታ ላይ ነው። ሰው ወደ ጅረት ይወርዳል እንጂ ከጅረት አይሸሽም። የጡብ ፋብሪካው ሰዎች ሸክላቸውን ያወጡት ከጅረቱ ነው፤ ፖም አብቃዮቹ ያጠጡት ከዚያው ጅረት ነው። ልጆቻቸው በአንድ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት። እኔም ጭምር። ያ በር የሁላችንም ነው። መስመሩን እቃወማለሁ።»

ሰብሳቢዋ መዝገባቸውን አዩ። «እዚህ የተመዘገቡት ደጋፊ ተብለው ነው።»

«ነበርኩ።»

«ድልድዩ ተዘግቷል የሚል አስተያየት ደርሶናል። አሁን ታዲያ ሰዉ በምን ይሻገራል?»

«ይዞራል» አለች ግሌኒስ።

«ስንት ደቂቃ?»

«ዐሥራ አንድ።» ቁጥሩን ስትናገረው ከብዶ ተሰማት። የጎረቤቶቿን ልጆች አንድ በአንድ አሰበቻቸው። ድልድያቸውን በገዛ አፏ መልሳ ጎርፍ ውስጥ እንደጣለችው ገባት። ወደ ወንበሯ ስትመለስ ሮሺኒ በሩ ላይ ቆማ ጣሪያውን ታያለች።

ሳቭ በተራው ተነሣ። የሰማያዊዎቹን መቃወሚያ፣ ሁለት ገጽ በአርማ የታተመ፣ በእጁ ይዟል። መስመሩ እንዳይሰመር ይጠይቃል፤ እሷ አሁን የጠየቀችውን ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ እኔና ይህች ሴት ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ በር ላይ ቆመናል። አንድም ቀን ተስማምተን አናውቅም። በእርጅናችን አንጀምረውም። እኔ መስመሩን እደግፋለሁ።»

አዳራሹ ሳቀ። የሰማያዊዎቹ ጠበቃ ግን አልሳቀም።

«እኛ መሸነፍን ፈርተን ስለማናውቅ አንዲት ሚስማር አልመታንም። የምላችሁ ስለ ራሴ ፓርቲ ነው። ሰሜኑን ለኬምፕ ስጡትና ድልድዩ ይሠራል፤ በመጪው የካቲት ይሠራል፣ ሁለቱም ወገን ሲሚንቶ ተሸክሞ ይመጣል። ግሌኒስ በሩ የሁላችንም ነው ብላለች። እውነቷን ነው። ግን ዐሥራ አንድ ጊዜ ተሸንፋ፣ ዐሥራ አንድ ጊዜ ማታ ማታ ሰሌዳዬን የተሸከመችልኝ እሷ ናት። አንድ ጊዜ እንኳ ድምፅዋ ይመዝንላት። ጨረስኩ።»

ከአምስት ደቂቃው አንዱን እንኳ በቅጡ አልተጠቀመበትም።

በመመለሻው ባቡር ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ማን ጠየቀህ?» አለች ግሌኒስ።

«አንቺንስ ማን ጠየቀሽ?»

«እኔ እውነቱን ነው የተናገርኩት።»

«እኔስ?»

መስኮቱን አየች። የጎልፍ ሜዳው አለፈ። «ውሳኔው ከሦስት ወር በኋላ ነው» አለች። «እነሱ እንደሆኑ ሁለታችንንም እብድ ብለው ይጽፉናል።»

«እኔን ከዛሬ ጀምሮ በር ላይ የሚያቆመኝ ያለ አይመስለኝም።»

«እኔንም።»

ሳቭ ከኪሱ የሚንት ከረሜላ አውጥቶ ሰጣት፤ ራሱም አንድ ጎረሰ። ወለሉን እያየ «ያን ቀን» አለ፣ «ለሰባ ሦስት ሰው አደለችልህ ብለውኛል።»

የትኛው ቀን ብላ አልጠየቀችም። «ሰባ አንድ። ሁለቱ አንቀበልም አሉ።»

«ማንንም ወደ ቀይ አልጎተትሽም?»

«አንዱን ሞከርኩ። ጥርስ ሐኪሜን።»

«እና?»

«ሰማያዊ ነው። ማደንዘዣ የማያበዛልኝ ለካ ለዚህ ነው።»

ሳቭ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ፤ መሐረብ አወጣ። ግሌኒስ አልነካችውም፤ ከረሜላዋን ቀስ ብላ እየመጠጠች ጠበቀችው።

አልደርቪል ጣቢያ ወረዱ። ጣቢያው በደቡቡ ዳርቻ ነው፤ መኪናዋን እዚያ ትታ ነበር። የካርታና የማስታወሻ ማኅደሯን «ያዝልኝ» ብላ አስይዛው ቦርሳዋ ውስጥ ቁልፍ ፈለገች። «ላድርስህ» ስትለው በእግሬ ይሻለኛል አለ፤ ቤቱ ከጅረቱ ጠርዝ ነው፣ ሩቅ አይደለም። በር ዘጋች፣ እጇን አወዛወዘች፣ ሄደች። አውራ መንገዱን ዞራ፣ የባቡር ማቋረጫውን አልፋ፣ ፔፐር ጎዳና ስትደርስ ነው ማኅደሩ ትዝ ያላት።

ወደ ቤቷ አልታጠፈችም። ጎዳናው ከድልድዩ አጥር ተጋጥሞ እስከሚያልቅበት ድረስ ነዳች፤ ወረደች።

ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ሳቭ በወዲያኛው አጥር በኩል፣ ጽሑፉ በደበዘዘው ሰሌዳ ሥር ቆሟል። ማኅደሩን ከፍ አድርጎ አሳያት። በመካከላቸው ወዲህና ወዲያ የተንጠለጠለ ብረት፣ ከሥሩም ውኃው አለ።

«ረስተሽዋል!» ብሎ ጮኸ።

«አውቃለሁ!»

«መኪና ላስነሣና ልዙር?»

አየችው። ከዚህ ርቀት ፊቱ አይለይም፤ አቋቋሙ ግን ይለያል፤ ክብደቱን በቀኝ እግሩ ላይ ጥሎ፣ ከሠላሳ አንድ ዓመት ጀምሮ እንደሚቆመው።

«ተወው!» አለች። «ያዝልኝ!»

ሳቭ ማኅደሩን አንዴ አየው። ከዚያ ወረቀቱን ሲይዝ እንደኖረው፣ በግራ ብብቱ ሥር ሸጉጦ ቆመ።